የሐምሌ ዘጠኝ ቁጥር

መኪና ሙሉ ሆነው በኅዳር ማለዳ
ከሮቢት ወረዱ ወደ ጣና ሜዳ፤
አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከባሕር ማዶ፣
ሁለት ዩኒቨርሲቲ በፊርማ ተዛምዶ።
ብስኩት ታደለና ድንኳን ተተከለ፣
ንግግሩ ሲረዝም ጥላው ኮበለለ።
«አፈር፣ ውኃ፣ ሰዉን አንድ ላይ እናያለን»፤
እኔ በሆዴ አልሁኝ፦ መቼ ተለያየን?

ከሁሉ መጨረሻ አንጓች የሚሏት ልጅ
ጭቃው ውስጥ ገባች ጫማዋን ይዛ በእጅ፤
ቀይና ነጭ ቀለም፣ ቁጥር ያለው እንጨት
ከደንገሉ አጠገብ ቀጥ አርጋ ተክላበት፣
«ጋሼ ጠብቀው» አለች፣ «እዚህ ነው ደጅዎ፣
ጧት አንዴ፣ ማታ አንዴ ያንብቡልን እርስዎ።»

ማንበብ? እኔ ማንበብ? ዳዊት ያልደገምሁት፣
ከመሠረተ ትምህርት ቁጥር ብቻ የያዝሁት?
ግን የሐይቅ ንባብ ሌላ ነው፤ ፊደሉ አንድ መስመር ነው፣
ክረምት የሚጽፈው፣ በጋ የሚሰርዘው።
አስረበብ ባለቤቴ ሳቀች በዚህ ነገር፦
«የኔን ፊት ያላነበበ ሐይቅ ያነብ ጀመር!»

እምቦጩንም አወጣን፣ ያንን ሐምራዊ አበባ፤
ገመድ ተይዞ እስከ ደረት ውኃ ውስጥ ተገባ።
«ከምሩት» ተባለ፣ «ይበስብስ፣ ይብላላ፣
ለበቆሎው ማሳ ፍግ ይሆናል ኋላ።»
ቸኩለን ሳይበስል ማሳው ላይ በተንነው፤
በቆሎውን ትቶ አረም አሳደገው።
ጎረቤቴ እንየው ይስቃል እስከ ዛሬ፦
«ዲግሪ የያዘ አረም በቀለ ባገሬ!»
አንጓች ግን አልሳቀች፤ ጎንበስ ብላ አየችው፣
አንዱን ነቅላ በወረቀት ጠቀለለችው፤
«ስድስት ወር ይቆይ» አለች፣ «ጥፋቱ የኛ ነው።»
ከተማረ ሰው አፍ ይህን ስሰማ ገና መጀመሪያዬ ነው።
ስድስት ወር ያደረው አፈር መስሎ ጥቁር ሆነ፤
ሳቂው ጎረቤቴ አንድ ጋሪ ለመነ።

ከዚያ ብር አለቀ። መኪናው ቀረና
የሰሌዳው ጽሑፍ በዝናብ ታጠበና
ለእንየው የዶሮ ቤት በር ሆኖ አገለገለ፤
«ትብብር» የሚል ቃል ብቻ አሁንም አለ።

እኔ ግን አልተውሁም። ማን ቀጥል አለኝ? ማንም።
ደብተር ሲሞላ ሌላ ገዛሁ፣ ዋጋው ቢንርም።
ጧት ጭጋግ፣ ማታ ትንኝ፤ ወርጄ አይቼ እመጣለሁ፣
ሐይቁ እንዴት እንዳደረ ሳልጠይቅ እንዴት እውላለሁ?

አንድ ቀን ብቻ፣ ሐምሌ ዘጠኝ፣ ዶፉ ሲወርድ፣ ላሜ ስትወልድ፣
አልሄድሁም። የትናንቱን ደግሜ ጻፍሁ። ማን ሊፈርድ?
ያቺ ቁጥር ግን እሾህ ናት፤ ደብተር ስገልጥ ትወጋኛለች፣
ከሺህ እውነት መሐል ቁጭ ብላ ታየኛለች።

ዘንድሮ፣ ከጥምቀት ማግስት፣ በባጃጅ መጣች አንጓች፤
መኪና የለ፣ ድንኳን የለ፤ እሷም ትንሽ ከስታለች።
«ማንም አላከኝም» አለች፣ «በራሴ ነው የመጣሁት።»
ሦስቱን ደብተር፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰውን፣ ሰጠኋት።
ገለጠች፣ ገለጠች፤ ሐምሌ ስትደርስ ጣቷን ያዝሁት፦
«ይቺ ውሸት ናት። አልወረድሁም ያን ቀን፤ ከቤት ነው የጻፍሁት።»

ዝም አለች። አንድ ሻላ ውኃው ላይ አረፈ።
ደመና የጀልባውን ጥላ ይዞ አለፈ።
«እኛም» አለች ቆይታ፣ «ሪፖርቱ ላይ፦ ሦስት መቶ ገበሬ ሠልጥኗል።
የመጡት አርባ ነበሩ፤ ብስኩቱ ሲያልቅ ግማሹ ሄዷል።»

እርሳስ አወጣች። ሐምሌ ዘጠኝን ከበበቻት፣
አልሰረዘቻትም። ከበበቻትና ተወቻት።

ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፤ እኔም ሱሪዬን ሰበሰብሁ፣
እንጨቱ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፤ በመዳፌ አበስሁ።
«ያንብቡ» አለችኝ። «አንቺ አንብቢ» አልኋት።
ሞገዱ እስኪረጋ ቆምን፣ ውኃው እስከ ጉልበት።
«አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።»
«አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።»
እሷም ጻፈችው። እኔም ጻፍሁት።